ሬሾው ቀላል ነው፣ ቁጥሩ ግን ከየት ይመጣል?

(አዲስ አበባ ውስጥ ለሒሳብ አያያዝና ፋይናንስ ተመራቂ ተማሪዎች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ስለ ሬሾ ለመስማት የመጣ ሰው ወይ የመመረቂያ ጽሑፍ አስጨንቆታል፣ ወይ አክሲዮን ሊገዛ ነው። ሁለታችሁንም እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ ቀመር አላስተምርም። ቀመሩ መጽሐፋችሁ ላይ አለ፣ ስልካችሁም ላይ አለ። ሬሾ ማለት ከድርጅቱ ሒሳብ አንዱን ቁጥር ለሌላው አካፍሎ አቋሙን ማየት ነው፣ አለቀ። ተማሪ ሲቸገር የማየው ከዚያ በፊት ነው። በየቴሌግራም ግሩፑ «የባንኮች የአሥር ዓመት ዳታ በኤክሴል ያለው ሰው?» የሚል መልእክት አያለሁ። ከሥር አንድ ደግ ሰው ፋይል ይልካል። ፋይሉን ማን ሠራው? ከየት ገለበጠው? የሚጠይቅ የለም። ከዚያ ፋይል አምስት ጽሑፍ ይወጣል፣ አምስቱም አንድ ዓይነት ስህተት ይዘው ይመረቃሉ።

እኔም ከዚያ የተሻልኩ አልነበርኩም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አለቃዬ የተፎካካሪዎቻችንን አቋም አጥና አሉኝ። ሦስት ቀን አምሽቼ ሠራሁ። አንዱ ተፎካካሪ በአንድ ዓመት ውስጥ ሀብቱ ወደ አንድ ሺህኛ ወርዷል ብዬ ጻፍኩ። አልቀለድኩም፣ ጽፌ አስገባሁ። አለቃዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ይሄ ባንክ ትናንት ማታ ተዘረፈ እንዴ?» አሉኝ። ለካ የአንዱ ዓመት ሪፖርት በሙሉ ብር፣ የሌላው ዓመት በሺህ ብር ነው የተዘጋጀው። ከሠንጠረዡ አናት ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፏል። እኔ አናቱን ሳይሆን ቁጥሩን ነበር የማየው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሠንጠረዥ ስከፍት መጀመሪያ የማነበው ርዕሱን ነው፤ የማን፣ መቼ፣ በምን መለኪያ።

እንግዲህ ከባንክ እንጀምር። አገራችን ውስጥ በቀላሉ ቁጥር የሚገኘው ከባንክና ከመድን ድርጅት ነው። አብዛኞቹ አክሲዮን ማኅበር ናቸው፣ ተቆጣጣሪ አላቸው፣ በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባዔ ይጠራሉ። ጉባዔው ብዙውን ጊዜ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። የዓመቱ ሪፖርት መጽሔት ያኔ ይታተማል፣ ብዙዎቹም ድረ ገጻቸው ላይ በፒዲኤፍ ይጭኑታል። ከዩኒቨርሲቲ የትብብር ደብዳቤ አጽፋችሁ፣ ፍላሽ ይዛችሁ ዋና መሥሪያ ቤት ደጅ መጥናት ድሮ ቀረ። ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፣ ፈልጉት።

መጽሔቱን ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚያጋጥማችሁ የቦርድ ሰብሳቢው ፎቶ ነው። ቀጥሎ የፕሬዚዳንቱ መልእክት፣ ቀጥሎ ቀለም በቀለም የሆነ ግራፍ። ይህ ክፍል ማስታወቂያ ነው፣ እለፉት። አንብቡት ካላችሁም አንብቡት፣ ቁጥር ግን ከዚያ አትውሰዱ። ሥራችሁ የሚጀምረው የውጭ ኦዲተሩ ደብዳቤ ካለበት ገጽ ነው። ደብዳቤው ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት ነው ወይስ «ከሚከተለው ጉዳይ በስተቀር» የሚል አለበት? «በስተቀር» ካለ፣ ከሱ ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቡ። ከዚያ የሀብትና ዕዳ መግለጫ፣ የትርፍና ኪሳራ መግለጫ፣ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ይመጣል። ከዚያ ማንም የማያነባቸው ማብራሪያዎች አሉ። ሰላሳ አርባ ገጽ ይሆናሉ። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ይዛችሁ ብትወጡ ይህን ያዙ፤ የምትፈልጉት ቁጥር ያለው ማብራሪያው ውስጥ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል በምሳሌ ላሳያችሁ። የተማሪ ጽሑፍ ስገመግም የባንክ «ከረንት ሬሾ» የተሰላበት በየዓመቱ ያጋጥመኛል። የአጭር ጊዜ ሀብት ለአጭር ጊዜ ዕዳ። ለፋብሪካ ጥሩ መለኪያ ነው። የባንክ የሀብትና ዕዳ መግለጫ ግን የአጭር ጊዜና የረጅም ጊዜ ተብሎ አይከፈልም። እና ተማሪው ቁጥሩን ከየት አመጣው? ገመተው። ጥሬ ገንዘቡን ደመረ፣ ተቀማጩን በሙሉ የአጭር ጊዜ ዕዳ አለው፣ 0.2 ምናምን አገኘና «ባንኩ ከባድ የገንዘብ እጥረት አለበት» ብሎ ደመደመ። ባንኩ ደግሞ በሩን ከፍቶ እየሠራ ነው! የባንክን የገንዘብ አቅም ማየት ከፈለጋችሁ ማብራሪያው ውስጥ ስለ ሥጋት አስተዳደር የሚያወራ ክፍል አለ። ሀብቱም ዕዳውም በስንት ቀን፣ በስንት ወር እንደሚደርስ በሠንጠረዥ ተቀምጧል። ብድርን ለተቀማጭ ማካፈልም ይቻላል። የተበላሸ ብድርም እዚያው ነው፣ ብድሩ በሦስት ደረጃ ተከፍሎ ይቀርባል፣ ሦስተኛውን ደረጃ ተመልከቱ።

አሁን ወደ ትርፍ እንምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያጣል፣ ተማሪው ደግሞ ማርኩን።

አንድ ባንክ በምናባችን እንፍጠር። ጋዜጣ ላይ «2 ቢሊዮን ብር አተረፈ» ተብሎ ተጽፏል። የተከፈለ ካፒታሉ 5 ቢሊዮን ነው። ሰውየው በልቡ ያካፍላል፤ 40 በመቶ! ቆይ። ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ትርፍ ብዙ ጊዜ ግብር ሳይከፈል ያለው ነው። ከግብር በኋላ 1.5 ቢሊዮን ቀረ እንበል። አሁን 30 በመቶ ሆነ። አክሲዮን የሚያሻሽጠው ሰው «ይሄ ባንክ 30 በመቶ ይሰጣል» የሚላችሁ ይህንን ነው። ግን የባለአክሲዮኖች ገንዘብ የተከፈለው ካፒታል ብቻ አይደለም። መጠባበቂያ አለ፣ ያልተከፋፈለ ትርፍ አለ። ሁሉም ሲደመር ዓመቱ ሲጀምር 7 ቢሊዮን፣ ሲያልቅ 9 ቢሊዮን ነበር እንበል። አማካዩ 8 ነው። 1.5ን ለ8 ስታካፍሉ 18.75 በመቶ ይመጣል። ባንኩ ያው ባንክ፣ ዓመቱ ያው ዓመት ነው። 40፣ 30፣ ወይስ 18.75?

ገና አልጨረስኩም። ሕጉ ባንክ ከተጣራ ትርፉ 25 በመቶውን ለሕጋዊ መጠባበቂያ እንዲያስቀር ያስገድዳል፣ መጠባበቂያው ከካፒታሉ እኩል እስኪሆን ድረስ። ከ1.5 ቢሊዮኑ 375 ሚሊዮን እዚያ ይገባል። የሚከፋፈል ነገር ቢበዛ 1.125 ቢሊዮን ነው፣ በ1,000 ብር አክሲዮን 225 ብር ማለት ነው። እናንተ ደግሞ አክሲዮኑን በ1,000 አልገዛችሁትም፣ ከሰው ላይ በ1,600 ነው የገዛችሁት። 225ን ለ1,600 አካፍሉ። 14 በመቶ ገደማ። ቦርዱ «ትርፉን ለካፒታል ማሳደጊያ እናውለው» ካለ ደግሞ በእጃችሁ የሚገባው ጥሬ ገንዘብ ዜሮ ሊሆን ይችላል። 40 ብለን ጀምረን የት እንደደረስን አያችሁ።

ስለዚህ የተማሪ ጽሑፍ ላይ «ትርፍ ለካፒታል» የሚል ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው የትኛው ትርፍ፣ የትኛው ካፒታል ነው። ብልጣብልጦቹ እዚህ ጋ ዝም ይላሉ።

በነገራችን ላይ የአንድ አክሲዮን ትርፍንም ባንክ ከባንክ ስታነጻጽሩ የአክሲዮኑን የፊት ዋጋ፣ ማለትም ሲወጣ የተጻፈበትን ዋጋ፣ ተመልከቱ። የ1,000 ብር አክሲዮን 300 ብር ማትረፉና የ100 ብር አክሲዮን 35 ብር ማትረፉ ሲታይ የመጀመሪያው ይበልጣል። ስታሰሉት ሁለተኛው ነው የበለጠው።

ስለ ቀን ደግሞ ላውራ። የኛ ጣጣ የቀን መቁጠሪያችን ሁለት መሆኑ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ያልቃል። የባንኮች ሒሳብ የሚዘጋው በፈረንጆቹ ጁን 30 ነው፣ ማለትም ሰኔ 23። ሪፖርቱ በአማርኛ በኩል 2016 ይላል፣ በእንግሊዝኛው በኩል 2023/24። አንድ ተማሪ ከአንዱ ሪፖርት በአማርኛው፣ ከሌላው በእንግሊዝኛው ወስዶ፣ የሰባት ዓመት ልዩነት ያላቸውን ባንኮች ጎን ለጎን ሲያወዳድር በዓይኔ አይቻለሁ። እሱ እንኳ ይታረማል። የማይታረመው ቀኑ ያለፈበት ቁጥር ነው።

የ2016ን ሪፖርት አስታውሱ። ሒሳቡ ሰኔ 23 ቀን ተዘጋ። ያኔ በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ወር አልሞላም። ጉባዔው ኅዳር ላይ ሲጠራና መጽሔቱ እጃችን ሲገባ ዶላሩ ከ120 ብር በላይ ሆኗል። ሪፖርቱ ውሸት አልነበረም፣ ሰኔ 23 ላይ እውነት ነበር። ግን በዶላር ዕዳ ያለበት ድርጅት ዕዳው በብር ሲታይ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በዶላር ሀብት ያለው ደግሞ ሳይሠራ አትርፏል። በዚያ ሪፖርት የዕዳና ካፒታል ምጣኔ ሠርቶ ኅዳር ላይ «ጤናማ ነው» ያለ ሰው የታመመውን ሰው የአምና ፎቶ እያየ ነው የመረመረው። ማብራሪያው መጨረሻ ላይ «ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ የተከሰቱ ጉዳዮች» የሚል ክፍል አለ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሁለት አንቀጽ ነው። በዚያ ዓመት ግን ከመጽሔቱ ሁሉ ዋናው ገጽ እሱ ነበር።

ሌላም መቆራረጥ አለ። ባንኮች ወደ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ አይኤፍአርኤስ ወደምንለው፣ የተሻገሩት በ2010 በጀት ዓመት አካባቢ ነው። መሠረቱ አዋጅ 847/2006 ነው፣ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድንም ያመጣልን እሱ ነው። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር በአንድ መስመር ስትሥሉት፣ ለተበላሸ ብድር የሚያዘው መጠባበቂያም ትርፉም የሚለካበት ስልት መለወጡን አስታውሱ። የአሥር ዓመት ዳታ የሚወድ አማካሪ መምህር ካላችሁ ይህንን በትሕትና ንገሩት።

አንዲት አቋራጭ ልስጣችሁ። እያንዳንዱ ሪፖርት የዘንድሮንና የአምናን ቁጥር ጎን ለጎን ያቀርባል። ለስድስት ዓመት ዳታ ስድስት መጽሔት ማሳደድ ላያስፈልጋችሁ ይችላል፣ ሦስት ይበቃል። ነገር ግን ጊዜ ካላችሁ ስድስቱንም አምጡ። የአምናው ቁጥር ዘንድሮ ላይ ተለውጦ የሚገኝበት ጊዜ አለ። «ተስተካክሎ የቀረበ» ይላል። ያኔ የኋለኛውን ውሰዱና ለምን ተለወጠ ብላችሁ ማብራሪያውን ፈልጉ። እዚያ ብዙ ጨዋታ አለ።

የዘርፉን አማካይ የምትፈልጉ ከብሔራዊ ባንክ ሪፖርቶች ታገኛላችሁ። አሁን የፋይናንስ መረጋጋት ሪፖርትም ማውጣት ጀምሯል። ግን ንግድ ባንክ ብቻውን የዘርፉን ግማሽ የሚጠጋ ሀብት ይዟል። አንዱን ትንሽ የግል ባንክ ከ«ዘርፉ አማካይ» ጋር አወዳደርኩ ስትሉ፣ በአብዛኛው ያወዳደራችሁት ከንግድ ባንክ ጋር ነው።

ከባንክ ስንወጣ መንገዱ ይጠባል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የሆነ ድርጅት ሒሳቡን ለሕዝብ አያወጣም። የንግድ ፈቃዱንና የተመዘገበ ካፒታሉን ማረጋገጥ ይቻላል፣ ግን የተመዘገበ ካፒታል ማለት ድርጅቱ ሲወለድ የነበረው ክብደት ነው፣ ዛሬ ስንት ኪሎ እንደሆነ አይነግራችሁም። ግብር መሥሪያ ቤት ያለው ፋይል በሕግ ምስጢር ነው። ባለቤቱን አሳምናችሁ ብታገኙም፣ መርካቶ አካባቢ የሚቀለደውን ታውቃላችሁ፤ አንድ ሒሳብ ለገቢዎች፣ አንድ ለባንክ፣ አንድ ለራስ። የትኛውን ሰጣችሁ? በዚህ ጉዳይ ላይ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ድርጅት አትምረጡ።

ደስ የሚለው፣ በር እየተከፈተ ነው። ጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሽያጭ ሲያቀርብ ፕሮስፔክተስ አወጣ፤ አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ድርጅት ሒሳቡንና ሥጋቱን ለገዢ የሚዘረዝርበት ሰነድ ነው። በሕጉ አማርኛ «የደንበኛ ሳቢ መግለጫ» ይባላል። ስሙ የሆቴል ማስታወቂያ ይመስላል፣ ሰነዱ ግን ቁም ነገር ነው። የአንድ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ የቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ነበር። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው፣ 3.2 ቢሊዮን ብር። ሰው ለምን በሙሉ አልገዛም የሚለው ለሌላ ቀን ይቆየን። ለኛ ትልቁ ነገር ከዚያ በፊት በጋዜጣዊ መግለጫ ብቻ የምናውቀው ድርጅት ሒሳቡን ከነሥጋቱ ቁጭ አድርጎ ማሳየቱ ነው። ገበያውም ተከፈተ። ጥር 2 ቀን 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ነበር። ገበያ ላይ የተመዘገበ ድርጅት መረጃውን በየጊዜው የማውጣት ግዴታ አለበት። ናይሮቢ ባንኮች በየሩብ ዓመቱ ሒሳባቸውን ያወጣሉ። እኛ ኅዳር እስኪመጣ እንጠብቃለን። ይህ ቢያጥር ደስ ይለኛል።

ናይሮቢን ካነሳሁ አይቀር፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ላይ መሥራት የሚፈልግ አለ? እጅ አያለሁ፣ ሦስት ሰው። ቁጥሩን ቦሌ አትፈልጉት። ወላጅ ኩባንያው ናይሮቢ ገበያ ላይ የተመዘገበ ስለሆነ የኢትዮጵያው ሥራ በሱ ሪፖርት ውስጥ ለብቻው ተለይቶ ይቀርባል። ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። ሒሳቡ የሚዘጋው በፈረንጆቹ ማርች መጨረሻ ነው፣ ሰኔ አይደለም። ቁጥሩም በኬንያ ሽልንግ ነው። ከዚያም በላይ በኢትዮጵያ በነበረው የዋጋ ንረት ምክንያት ለከፍተኛ ዋጋ ንረት አገሮች የሚሠራ ልዩ የሒሳብ ማስተካከያ ያደረጉባቸው ዓመታት አሉ። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት ሪፖርት «ከማስተካከያው ጋር» እና «ያለ ማስተካከያው» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ታያላችሁ። አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው አትልቀቁት። ልጅ ወላጁ ቤት እንደሚፈለግ ሁሉ፣ እዚህ የሚሠራ የውጭ ድርጅት ሒሳብ ሲጠፋችሁ ወላጁ የት እንደተመዘገበ ጠይቁ።

ከውጭ አገር ደግሞ አሜሪካ ገበያ ላይ ለተመዘገበ ኩባንያ ኤድጋር የሚባለው የመንግሥት ማኅደር አለ። ነጻ ነው፣ ምዝገባ እንኳ አይጠይቅም። የዓመቱ ሪፖርት «ቴን ኬ»፣ የሩብ ዓመቱ «ቴን ኪው» ይባላል። ዲሲ ያለ የአክስቴ ልጅ ባለፈው ደወለልኝ። ስታርባክስ አክሲዮን ሊገዛ ፈልጎ አንድ ድረ ገጽ ላይ ሲያይ ትርፍ ለካፒታል የሚለው ቦታ ባዶ ነው። «ሊከስር ነው እንዴ?» አለኝ። ስታርባክስን እኛ በሲዳሞ፣ በሐረርና በይርጋ ጨፌ ስም ክርክር ጊዜ ነው ያወቅነው፣ በእኛ አቆጣጠር 1999 ላይ ተስማምተው አበቁ። ለማንኛውም ሪፖርቱን አብረን ከፈትነው። በ2024 የፈረንጆች ሒሳብ ዓመት ወደ 3.76 ቢሊዮን ዶላር አትርፏል። የባለአክሲዮኖች ገንዘብ የሚለው መስመር ግን ከዜሮ በታች ነው፣ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጎዶሎ። ለምን? ኩባንያው ለዓመታት የገዛ ራሱን አክሲዮን ከገበያ መልሶ ሲገዛ ስለነበር ነው። ትርፉን ለዚያ ብታካፍሉት ከዜሮ በታች 50 በመቶ ገደማ ይመጣል። የሚያተርፍ ድርጅት፣ የኪሳራ የሚመስል ሬሾ። ድረ ገጹ ባዶ የተወው አዋቂ ስለሆነ ነው። ሌላ ድረ ገጽ ያንኑ ቁጥር ቢያትመውስ?

ለዚህ ነው የተዘጋጀ ሬሾ ከድረ ገጽ አትቅዱ የምለው። አንዱ የኪራይ ውል ግዴታን ዕዳ ውስጥ ይቆጥራል፣ ሌላው አይቆጥርም። አንዱ የዓመት መጨረሻ ሀብትን ይወስዳል፣ ሌላው አማካዩን። ሁለቱም አልተሳሳቱም። እናንተ ግን አንዱን ኩባንያ ከአንዱ፣ ሌላውን ከሌላው ቀድታችሁ ብታወዳድሩ ትሳሳታላችሁ።

ጥያቄ ጊዜ ላይ አንዲት ልጅ «ጋዜጣ ላይ የወጣ የሒሳብ መግለጫ መጠቀም እችላለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዋና ዋናዎቹ መግለጫዎች ጋዜጣ ላይ ይወጣሉ። ለትርፍ፣ ለጠቅላላ ሀብት፣ ለተቀማጭ ይበቃል። ማብራሪያዎቹ ግን ቦታ ስለማይበቃ ይቀራሉ። የተበላሸ ብድሩ፣ የዕዳው የመክፈያ ጊዜ፣ የኦዲተሩ ዝርዝር ሐሳብ አብሮ ይቀራል። ዘመድ ወይም ጎረቤት ባለአክሲዮን ካለሽ መጽሔቱን ለምኚው አልኳት። ባለአክሲዮን ከጉባዔው በፊት ሒሳቡን የማየት መብት አለው። ብዙዎቹ ቤታቸው ያስገቡትና ሳይከፍቱት ለልጆች መሳያ ይሰጡታል።

የሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ አንድ ሪፖርት ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እንሠራለን። ወረቀትም ይሁን ፒዲኤፍ ግድ የለኝም። ማብራሪያው የተቆረጠ እንዳይሆን ብቻ።